በበርጫ ሰዓት የቆመ ግድግዳ

ቀይ የዘይት ቀለም ሲሸተኝ ግንባሬ ይመታል። ከቅንድቤ በላይ፣ ጠባሳው ባለበት ቦታ፣ የደም ሥሬ ብቻውን ይደልቃል። ዛሬ ጠዋት ከባጃጅ ወርጄ የግቢዬን በር ከመክፈቴ በፊት ነው የሸተተኝ። መልካ ጀብዱ ለልቅሶ ሄጄ ሦስት ቀን ቆይቼ ነበር። ገብቼ ወደ ጓሮ ዞር ስል፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ላይ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ የብሎኬት ክፍል ቆሟል። ግድግዳው ላይ ሰው የሚያክል ቀይ የ«ይፍረስ» ኤክስ ተቀብቷል። ከሥሩ ደግሞ አሸዋው ላይ ጠብ ጠብ ያለ ሌላ ቀይ ነገር አለ፤ እሱ ቀለም አልነበረም።

«ማነው የደማው?» አልኩት ልጄን ዮናስን። ሳሙናና የምግብ ዘይት እያከፋፈለ የሚኖር፣ ለሰው ደግ የሆነ፣ ነገር ግን እንደኔ ቶሎ የሚነድ ልጅ ነው። «ከግንባታ ቁጥጥር የመጣችው ልጅ ናት፣ ሰአዳ የምትባለው። ገፋ አደረግኳት እንጂ አልመታኋትም። እጇን የቆረጣት ብሎኬቱ ነው» አለኝ፣ ብሎኬቱን ሊከስ የፈለገ ይመስል። ፈቃድ አውጥቶ እንደሆን ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ፈቃድ እስኪመጣ ዕቃዬ ፀሐይ ላይ ይለቅ? መጋዘን እኮ ነው፣ ቤተ መንግሥት አልሠራሁም!» መቼ እንደሠራው ጠየቅኩት። ፈገግ አለ። «በበርጫ ሰዓት ነዋ! ሦስት ከሰዓት አልፈጀም።»

ከዚያ ሊያጽናናኝ ትከሻዬን ይዞ፣ «ምንም አትጨነቅ» አለኝ። «ሽማግሌ ልኬባታለሁ። ዛሬ ከሰዓት እዚሁ እንታረቃለን፣ ፍየሉ ታርዷል፣ ሩዙ ይሠራል። ይቅር ስትለኝ ኤክሱንም ራሷ ትጠርገዋለች።» የበሩን መቃን በቡጢ ስመታው የጣቶቼ ቆዳ ተገሽልጦ ቀረ። ልጄ ደነገጠ እንጂ ለምን እንደመታሁ አልገባውም። እንዴት ይገባዋል? ነግሬው አላውቅማ።

ድሬዳዋን ለማያውቅ፣ በርጫ ሰዓት ማለት ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ያለው ጊዜ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ጋሪ ሥር ገብቶ ምላሱን ያወጣል። ሰው ሽርጡን አገልድሞ ትራሱን ተደግፎ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። በእኔ ጉልምስና ዘመን ደግሞ በርጫ በርጫ ነበር። ከመጋላ ካሴት ቤቶች አንዱ ሶማልኛ፣ አንዱ ዐረብኛ፣ አንዱ አማርኛ ከፍቶ ሦስቱም በየመስኮቱ ይገባሉ፤ ማንም ማንንም ቀንስ አይልም። ሻሂ በወተት በስሙኒ ነበር፤ ሳምቡሳ በዐሥር ሳንቲም፤ ጣፋጩን ሙሸበክ በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡህ ማሩ እስከ ክርንህ ይወርዳል። ከጅቡቲ በባቡር የገባ የተትረን ሸሚዝ እለብስ ነበር፤ ሱሪዬ ከታች ሰፍቶ የከዚራን አስፋልት እየጠረገ ይሄዳል፤ ጸጉሬ ደግሞ በር አያስገባም ነበር። ዛሬ ስሙኒዋን ልጆቼ አያውቋትም፣ ጸጉሬም የለም፣ በጋሪው ፈንታ ባጃጅ ነው። በርጫ ሰዓት ብቻ በቦታው አለ። ያቺ ያልታደለች ብልሃታችንም አለች፤ ተቆጣጣሪ በማይወጣበት በዚያ ሰዓት፣ ድሬ ያለ ፈቃድ ቤቷን ትሠራለች።

ይህን ብልሃት እኔ ራሴ ሠርቼበታለሁ። ሮብሌና እኔ ዐሥር ዓመት አብረን ግንበኛ ነበርን። እሱ የሶማሌ ልጅ፣ እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጨርቅ ኳስ እየተራገጥን ነው ያደግነው። አንድ ቱንቢ ነበረን፣ ቅዳሜ እኔ ጋ ያድራል፣ እሑድ እሱ ጋ። በበርጫ ሰዓት ስንቱን ግድግዳ እንዳቆምን አልቆጥረውም። የሥራው ክፋት ግን ያን ጊዜም ይታወቀን ነበር። በዚያ ፀሐይ የተቦካ ሲሚንቶ ድንጋዩን ሳይዝ ይደርቃል፤ ግንበኛ «ተቃጠለ» ይለዋል። ውሃ እንዳታጠጣው ጎረቤት ይነቃል፤ እንዳታቆየው ቢሮ ይከፈታል። ቸኩለህ ትለስነውና ከላይ ያምራል። ጥፍርህን ብትሰካበት ግን ዱቄት ሆኖ ይወርዳል።

በኋላ ቢሮው ግንበኛ የነበረ ተቆጣጣሪ ሲፈልግ እኔን ቀጠረኝ። ሌባን ሌባ ይይዘው ብለው ይሆናል። ሜትር ሰጡኝ፣ የቀለም ጣሳና ብሩሽ ሰጡኝ፣ ካኪ ኮት ሰጡኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ደቻቱ ዳር ችካል መትከል ነበር፤ ከችካሉ ወዲያ፣ ወደ ወንዙ፣ አንድ ድንጋይ እንዳይቀመጥ። ሰው ሳቀብኝ። ደቻቱ እኮ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ግመል ይተኛበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። «ታደሰ አሸዋ ሊጠብቅ ተቀጠረ» ተባለ። ሮብሌም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ አንቆት ነበር። የእሱ ቤት ከችካሉ ወዲህ፣ ልክ አፋፉ ላይ ነበርና።

እናቱን ሰፈሩ ሁሉ ሆዮ ይላታል፤ በሶማልኛ እማዬ እንደማለት ነው። የወለደችኝ እናቴ ቀድማ ስለሞተች ለእኔ ቃሉ እውነት ነበር። ሆዮ ወፍራም ነበረች፣ አስም ነበረባት፣ ሙቀቱ ሲከብድ ድሪያ ቀሚሷን እያራገበች «ዋር ታዴ፣ ነፋስ ከየት ልግዛ?» ትለኝ ነበር። ሮብሌ እናቱን ይወዳል ማለት አይበቃም። እሷ ስታስል እሱ ጎኑን ይይዝ ነበር።

አንድ ቀን በበርጫ ሰዓት ጋደም ብዬ፣ በካሴቱ መሀል የግንበኛ ማንኪያ ድንጋይ ላይ ሲጮህ ሰማሁ። አመታቱን አወቅኩት። ዐሥር ዓመት ከጎኔ የሰማሁት አመታት ነው። እተኛለሁ ብዬ ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ፤ አልሆነልኝም። በሽርጤ ላይ ካኪውን ደርቤ፣ ጣሳውን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሮብሌ ከችካሌ ወዲያ ሄዶ፣ ወንዙን የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ጀምሮ እስከ ደረቱ አድርሶታል።

«አቦ ታዴ፣ ሂድ ተኛ» አለኝ ቀና ሳይል። «አላየህም።»

«ችካሉን አልፈሃል ሮብሌ።»

«ለሆዮ ነው። የወንዙ ነፋስ እንዲገባላት ነው። ወላሂ ሌላ ምንም የለውም።»

«ጎርፍ ቢመጣስ?»

«ከየት ነው የሚመጣው? ሰማዩን እየው!» አለና በማንኪያው ወደ ላይ ጠቆመ። ሰማዩ ጭረት አልነበረበትም።

የሚባለውን ሁሉ ተባባልን። ካኪ ለብሰህ ሰው የሆንክ መሰለህ አለኝ። አብረን የሠራነውን ቆጠረልኝ፣ የማንን ቤት እንዴት እንዳቆምን። እኔም መልስ ሲያጥረኝ ብሩሹን ነከርኩና ከጥግ እስከ ጥግ ኤክሱን ሳብኩበት። ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ አካፋው መጣ። በጠፍጣፋው አይደለም፤ በስለቱ ነው። ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት እንጂ ሕመሙን አላወቅኩትም። ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ዓይኔ ውስጥ ደም ገብቶ ሁሉ ነገር ቀልቶ ነበር። ጣሳውን ከነቀለሙ ፊቱ ላይ ከሰከስኩት። አፍንጫው ተሰበረ። ተያይዘን ከአፋፉ ወደ አሸዋው ተንከባለልን፤ እኔ ጉሮሮውን ያዝኩ፣ እሱ ጆሮዬን ነከሰ። የሚፈሰው ደም ይሁን ቀለም መለየት አልቻልንም። እውነቱን ልናገር፤ ልገድለው ፈልጌ ነበር። አብሮ አደጌን፣ በዚያ አሸዋ ላይ፣ በእጄ አንቄ ልገድለው ፈልጌ ነበር። ያዳነን የሆዮ በረባሶ ጫማ ነው። ትንፋሽ እያጠራት፣ እያሳላት፣ ከአፋፉ ወርዳ የሁለታችንንም ጀርባ፣ ራስ፣ ያገኘችውን ሁሉ ስትጠብስ «ውሾች! እናንተ ውሾች!» ትላለች፣ ታለቅሳለች። ተላቀቅን።

ግንባሬን ዘጠኝ ቦታ ሰፉኝ። ሮብሌን ፖሊስ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ መጣ፤ የእኛም የእነሱም፣ መስቀል የያዘውም መቁጠሪያ የያዘውም። ድሬ በዚህ አትታማም። ሰው ተጣልቶ እንዲያድር አትፈቅድም። ከንቲባውንም ኩሊውንም እኩል አንተ የሚል ከተማ ቂምን የት ያስቀምጠዋል? ሮብሌ ከእስር ወጥቶ፣ አፍንጫው አብጦ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ፊቴ ቆመ። አለቀስኩ። ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አንሥቼ ጣልኩት፤ ተቃቀፍን፤ ስፌቴ ተቀዶ ሸሚዙ ላይ ደማሁ። እልል ተባለ። ሩዙ በፍየል ሥጋ ቀረበ። ልክ ልንጎርስ ስንል አንደኛው ሽማግሌ እጁን አነሣ።

«ልጄ፣ ደምህን ይቅር ብለሃል። ያ ቀለም ግን ግድግዳው ላይ አለ። ሰው ባየው ቁጥር ጠባችሁን ያስታውሳል። ቀለሙ እያለ ዕርቁ ግማሽ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሆዮም ዞረች። የጎረሰ የለም፤ ሩዙ ይቀዘቅዛል። ችካሉ ምን እንደሆነ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን የትኛው ሰው ነው በዕርቅ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ስለ ችካል የሚያወራ? ይሉኝታ ከአካፋ ይከፋል፤ አካፋውን ቢያንስ ትመልሰዋለህ። ተነሣሁ፣ ጨርቅ በጋዝ ነክሬ፣ የቀባሁትን ኤክስ በገዛ እጄ ጠረግኩት። ስጠርግ የምርጉ ሽራፊ በጨርቁ ላይ ቀረ፤ ዱቄት ነበር፤ ግንበኛው ታደሰ አወቀው፣ ተቆጣጣሪው ታደሰ ዝም አለ። በማግስቱ መዝገቡ ላይ «ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ ተጠናቀቀ። ሆዮ በሰፊው መስኮት ሥር አልጋዋን ዘርግታ፣ «ታዴ ና፣ ነፋሴን እየው» ብላ ጠራችኝ። ሄድኩ፤ ነፋሱ እውነትም ደስ ይል ነበር።

ዓመቱን አልናገርም። ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ሰማዩ እንደዚያ ቀን ጭረት አልነበረበትም። በርጫ ሰዓት ነበር። መጀመሪያ ባቡር የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ባቡሩ ከወዲያ በኩል እንደማይመጣ አሰብኩ። ዝናቡ የዘነበው ደንገጎ ተራራ ላይ ነው፤ እኛ ያየነው ውሃውን ብቻ። ውሃም አልነበረም፤ ጭቃ፣ ግንድ፣ ድንጋይ፣ የሞተ ግመል ተሸክሞ ቆሞ የሚሄድ ነገር ነው። ስሮጥ በጎዳናው ሰው ሁሉ በሽርጡ ይሮጣል፣ አንዳንዱ ጉንጩ ጫት እንደሞላ ይጮሃል። ሮብሌ ሁርሶ ለሥራ ሄዶ ነበር። አፋፉ ላይ ስደርስ አሮጌው ቤት በቦታው ነበረ። አዲሱም ነበረ፤ መስኮቱም ተከፍቶ ነበር፤ ሆዮም በመስኮቱ ብረት ውስጥ እጇን አውጥታ ነበር። አየችኝ። ስሜን እንደጠራች አውቃለሁ፣ አልሰማሁም እንጂ። ያ ግድግዳ ሻሂ ውስጥ እንደገባ ብስኩት ሆነ። አልተሰነጠቀም፣ አልታገለም፤ ዝም ብሎ ቀለጠ። ከኋላው፣ ከችካሉ ወዲህ ያለው የአሮጌው ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ እንጂ አልወደቀም። ደረቅ ዱላ ይዤ እስከ ወገቤ ገባሁ፤ ሁለት ሰዎች በካኪዬ አንገት ጎትተው አወጡኝ። ባወጡኝ ጊዜ ረግሜአቸዋለሁ፤ አንደኛውን በክርኔ መትቼ ጥርሱን አውልቄአለሁ። በማግስቱ ሆዮን ከታች፣ የግራር እሾህ ውስጥ አገኘናት።

ቀብሩ ላይ ሮብሌ ወደ እኔ ሲመጣ ሰዎች መሀላችን ሊገቡ ተንቀሳቀሱ። እኔ እጄን ከኋላዬ አጣመርኩ፤ ግደለኝ ለማለት ነው። አልመታኝም። አውራ ጣቱን አነሣና ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ ሄደበት።

«ታዴ» አለኝ፣ «መምታት የነበረብኝ ስትቀባው አልነበረም። ስትጠርገው ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። ቱንቢያችንን በሰው እጅ ላከልኝና ጅቡቲ ተሻገረ፤ እዚያው ሞተ ብለው ከዓመታት በኋላ ነገሩኝ። ቱንቢው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሥራውንም በዚያው ወር ለቀቅኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሚስማርና ማጠፊያ ሸጥኩ። ለልጆቼ ጠባሳውን ኳስ ስጫወት ነው ያገኘሁት አልኳቸው። ይህ ውሸት ነው ዛሬ ጓሮዬ ውስጥ ግድግዳ ሆኖ የቆመው።

ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ፤ ሦስት ናቸው፣ ሁሉም የማከብራቸው። ሰአዳ ከኋላቸው ገባች፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀኝ እጇ እስከ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል። ዮናስ እግሯ ላይ ወደቀ፤ ከልቡ ነው፣ አልቅሷል። ልጅቷም አለቀሰች፣ አነሣችው፣ ይቅር አለችው። እልል ተባለ። ሩዙ መጣ። ማንም አልጎረሰም። የሚመጣውን አውቄ መቀመጫዬን ጨብጬ ያዝኩት፤ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ልጄ» አላት፣ «ያ ቀለም…»

ሰአዳ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቀለም አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ሩዙን አየች። ዐይኗ ውስጥ የራሴን ፊት አየሁት። ዮናስ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ጨርቅና የጋዝ ጠርሙስ አቀረበላት። በግራ እጇ ተቀበለች።

ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ጥፍሬን በብሎኬቶቹ መሀል ሰካሁት። ዱቄት ሆኖ ወረደ። ከዕቃ ቤት ትልቁን መዶሻ አወጣሁ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሳነሣው ወገቤ ጮኸ። የመጀመሪያው ምት ብሎኬት ጣለ። ሁለተኛው ሁለት። ሽማግሌዎቹ «ኧረ በፈጣሪ!» እያሉ ተነሡ። ዮናስ ዘሎ እጀታውን ያዘ።

«አባዬ አበድክ እንዴ? በሰው ፊት! ታርቀናል እኮ!»

«ልቀቅ።»

አልለቀቀም። ጉልበቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ያዞረኝ ጀመር። በመዳፌ ጉንጩን አጮልኩት። ልጄን ከመታሁት ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል። እጁ ከእጀታው ወረደ፣ ከግቢው ሲወጣ በሩን ያላተመው አላተም ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ፈለጉ። «ታደሰ፣ ዕርቅ አፈረስክ» አለኝ አንደኛው፣ አዝኖ። እውነቱን ነው። ሩዙ እንደተሸፈነ ቀረ።

ሰአዳ ብቻ ቆማ ነበር፣ ጨርቁን እንደያዘች። መዶሻውን መሬት አስይዤ እስክተነፍስ ጠበቀችኝ።

«አባባ፣ አንተ አትቆጣ» አለችኝ። «እኔ እኮ ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ደምሽን ይቅር በይው፣ ልጄ። እሱ ያንቺ ነው።»

«ቀለሙስ?»

ጨርቁን ከእጇ ወሰድኩና ቦዩ ውስጥ ወረወርኩት። ያፈረስኩት ጥግ ላይ ኤክሱ አንድ እግሩ ጎድሏል።

«ቀለሙን ድገሚው» አልኳት። «ደመቅ አድርገሽ። ነገ ልጄ ይመለሳል፣ ልክ እንደገባ እንዲያየው።»